መክሊትህን ከጕድጓድ አውጣ

ነጋዴንና የእጅ ሥራ ዐዋቂን በገዛ ልባቸው ውስጥ ስለሚከለክሉአቸው ነገሮች የተጻፈ ትምህርት



ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ስለ ሦስት አገልጋዮች የተናገረውን ምሳሌ ሳታውቀው አትቀርም። ጌታቸው ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ለአንዱ አምስት፥ ለአንዱ ሁለት፥ ለአንዱም አንድ መክሊት ሰጠ። ሁለቱ ነግደው አተረፉ፤ ሦስተኛው ግን ምድርን ቈፍሮ የጌታውን ገንዘብ ቀበረ። ይህን ምሳሌ በሰማን ጊዜ ሦስተኛውን ሰው ሰነፍ ነበረ ብለን እናልፈዋለን። ስንፍናውስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለጌታው መልስ በሰጠ ጊዜ ምክንያቱን ራሱ ተናግሮአል፤ እርሱም መፍራቱ ነው።

የተሰጠው ጥቂት ስለ ሆነ ነው እንዳትልም የመክሊትን ዋጋ አስተውል። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነበረ፤ አንድ ዲናርም የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበረ። እንግዲህ ያ ሰው በጕድጓድ የከተተው ገንዘብ አንድ የቀን ሠራተኛ 20 ዓመት ያህል ደክሞ የሚያገኘው ነበረ። የጐደለው መነሻ ገንዘብ አልነበረም፤ የጐደለው ልብ ነበረ።

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ይህን ፍርሃት ነው። ፍርሃት በአንድ መልክ ብቻ አይመጣም። አንዳንድ ጊዜ ክብር መስሎ፥ አንዳንድ ጊዜ ደግነት መስሎ፥ አንዳንድ ጊዜ ጥበብ መስሎ፥ አንዳንድ ጊዜም ጥንቃቄ መስሎ ይመጣል። አራቱን ልብስ ብንገፍፈው ግን ከሥሩ የምናገኘው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የሰውን ፊት ከእግዚአብሔር ፊት አብልጦ መፍራት ነው።

ይህን ስጽፍ የንፋስ መውጫን ሰዎች በልቤ ይዤ ነው። ከተማይቱ በላይ ጋይንት ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጉና ተራራም በምዕራብ በኩል ነው። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ በእርስዋ ያልፋል። የአገሩ ሰው ገብስና ስንዴ፥ ባቄላና ድንች፥ በግም ወደ ገበያዋ ያወጣል። ብርዱና ነፋሱ ሰውን ትጉህ አድርገውታል፤ ሰነፍ በደጋ አይኖርምና።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ድኻ ሁሉ ስለ ፈራ ደኸየ ማለት ከወንጌል የሆነ ትምህርት አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ንፋስ መውጫ ገብቶ ዘጠኝ ቀን ያህል በቆየ ጊዜ ሱቅና ቤት፥ ሆስፒታሉም ሳይቀር ተዘረፈ፤ በሴቶችም ላይ ከባድ ግፍ ተደረገ። የብዙ ዓመት ድካም በጥቂት ቀን የጠፋባትን ሴት፥ ድኽነትሽ ከልብሽ ነው የሚላት ሰው ቢኖር በቍስልዋ ላይ ጨው ይነሰንሳል። ከውጭ የሚመጣ መከራ አለ፤ እርሱን ለማራቅ ሰላምና ፍትሕ፥ መንገድና ብድር ያስፈልጋሉ። ነገር ግን የውጭው በር በተከፈተ ጊዜ እንኳ ከውስጥ የተቀረቀረ በር ይኖራል፤ እርሱን ሌላ ሰው ሊከፍትልህ አይችልም። የምናገረውም ስለዚህ ስለ ውስጠኛው በር ነው።

1ኛ፤ ክብር መስሎ የሚመጣ ፍርሃት

በአገራችን የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ብዙ ዘመን ተንቆ ኖሮአል። ብረት የሚቀጠቅጠውን ቡዳ ብለን ሸሸነው፤ እርሱ በሠራው ማረሻ ግን አርሰን በላን። ሸማኔውን ሰደብነው፤ የሸመነውን ግን ለብሰን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ ብለን ናቅነው፤ በለፋው ቆዳ ላይ ግን ተኛን። ነጋዴውንም ቢሆን ከባለ ርስቱና ከወታደሩ በታች አድርገን ቈጠርነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፥ ከባዜል አገር የመጡትን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ሚስዮናውያን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ በዚያ ተሠራ፤ በ1860 ዓ.ም. በብዙ ሰው ጕልበት በጋይንት ምድር በኩል እየተጐተተ፥ ስድስት ወር ያህል በመንገድ ቆይቶ መቅደላ ደረሰ። መድፉን ለመጐተት ብዙ ሕዝብ ታዘዘ፤ የቀጥቃጩን ጥበብ ለመማርና ቀጥቃጩን ለማክበር ግን ማን ተነሣ? የጋፋት ሥራ ከንጉሡ ሞት በኋላ አልቀጠለም። ከዚያም በኋላ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። መልካም አዋጅ ነበረ፤ ነገር ግን አዋጅ አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን አያነጻም።

ስለዚህ ዛሬም ተምሮ ያለ ሥራ የተቀመጠ ወጣት፥ እጁ የሚችለውን ሥራ ከመሥራት ይልቅ በአባቱ ቤት ተቀምጦ መብላትን ይመርጣል። ሲጠየቅም «ለእኔ አይመጥነኝም» ይላል። ይህ ክብር ይመስላል፤ ነገር ግን ፍርሃት ነው። ማንም በማያውቀው አገር ቢሆን ያንኑ ሥራ በደስታ በሠራው ነበርና። የሚያሳፍረው ሥራው ከሆነ በሩቅ አገርም ባሳፈረው ነበር።

እኔም በዚህ ኀጢአት ወድቄአለሁና አልሰውረውም። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ገንቦና ምጣድ በጀርባዋ አዝላ ወደ ገበያ እየሄደች አሳደገችኝ። የሚስዮን ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ከባልንጀሮቼ ጋር ስሄድ ከሩቅ አየኋት፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኔ እንዳይታወቅ መንገዴን ለወጥሁ። እርስዋም አይታኝ ነበር፤ ነገር ግን እንዳላፍር ብላ አልጠራችኝም። በዚያ ቀን በብብቴ የያዝሁትን ደብተር የገዛው ያ ምጣድ ነበረ። ኋላ በማርቆስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን ጠራቢ ብለው እንደ ናቁት ባነበብሁ ጊዜ፥ ከማን ወገን ቆሜ እንደ ነበርሁ ዐወቅሁ።

ጌታችን በመጥረቢያና በመጋዝ እጁን አሻክሮአል። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ሰፍቶአል። በፊልጵስዩስ ወንጌልን አስቀድማ የተቀበለችው ልድያም ቀይ ሐር ሻጭ ነበረች። እንግዲህ ሥራህን በስሙ ጥራው። ጫማ የምትሰፋ ከሆንህ ጫማ ሰፊ ነኝ በል፤ ዳቦ የምትሸጪ ከሆንሽ ዳቦ ሻጭ ነኝ በዪ። በሥራው የሚያፍር ሰው ሥራውን አያሻሽለውም፤ ሥራውን ሊያሳድግ ሳይሆን ከእርሱ ሊያመልጥ ያስባልና።

2ኛ፤ ደግነት መስሎ የሚመጣ ፍርሃት

ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ፈጽሞ ክፉ ነው አልልም፤ ሰውን ከነውር የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በንግድ ቤት ውስጥ ጌታ ሆኖ ከተቀመጠ ቤቱን ያፈርሳል።

አንድ ነጋዴ አንድ ከረጢት ዱቄት በ3,800 ብር ገዝቶ በ4,000 ብር ይሸጣል እንበል፤ ትርፉ 200 ብር ነው። ዘመድ መጥቶ በዱቤ ስጠኝ ቢለው፥ እንቢ ማለትን ፈርቶ ሰጠው፤ ገንዘቡም ሳይመለስ ቀረ። ነጋዴው የጠፋበት አንድ ከረጢት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ያን 3,800 ብር ለመተካት ሌላ 19 ከረጢት መሸጥ አለበት፤ ያን ሁሉም ሲሸጥ ለቤቱ አንድ ብር አያገባም። ሁለት ሦስት ዘመዶች እንዲሁ ቢያደርጉ ሱቁ ይዘጋል። ሱቁ በተዘጋ ጊዜም እነዚያው ሰዎች «መነገድ አይችልም ነበር» ይላሉ።

ደግሞ ለሠርግና ለተዝካር ድግስ የንግዱን መነሻ የሚያፈስስ ሰው አለ። ድንኳኑ ከጎረቤት ድንኳን እንዳያንስ ብሎ ሦስት ዓመት ያከማቸውን በሦስት ቀን ይጨርሳል፤ ከዚያም ይበደራል። እንግዶቹ በልተው በሄዱ ጊዜ የቀረው ዕዳው ነው።

ይህ ሁሉ ደግነት ይመስላል። ነገር ግን ልብህን መርምር፤ የሰጠኸው ስለ ወደድኸው ነውን ወይስ እንዳያማህ ፈርተህ ነው? ወድዶ የሰጠ ሰው በኋላ አያጕረመርምም። ፈርቶ የሰጠ ግን ዘመዱን ባየ ቍጥር ፊቱ ይጠቍራል፤ ገንዘቡንም ወዳጁንም ያጣል።

መድኃኒቱ ይህ ነው። የንግዱንና የቤትህን ገንዘብ በአንድ ኪስ አትያዝ። ደብተር ግዛና የገባውንና የወጣውን በየማታው ጻፍ። ለራስህም እንደ አንድ ሠራተኛ በወር የተወሰነ ደመወዝ ቍረጥ፤ ለቤትህና ለዘመድህ የምታወጣው ከዚያ ብቻ ይሁን። ከዚያ ወዲያ ዘመድ ቢመጣ በእውነትና በአክብሮት ልትመልስ ትችላለህ፤ «እትዬ፥ ከሱቁ ዱቤ አልሰጥም፤ ከራሴ ድርሻ ግን ይህን ያህል ልርዳዎ፤ አይመልሱልኝም» በላት። የሰጠኸው ስጦታ ሆነ እንጂ ዱቤ አልሆነም፤ ወዳጅነታችሁም አልተበላሸም። ጌታችን ቃላችን አዎን ወይም አይደለም ይሁን ብሎ ያስተማረው ለሸንጎ ብቻ አይደለም፤ ለሱቅም ነው።

3ኛ፤ ጥበብ መስሎ የሚመጣ ፍርሃት

ሦስተኛው የመውደቅ ፍርሃት ነው። ይህ በምሳሌና በተረት ተሸልሞ ይመጣልና ለማወቅ ያስቸግራል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን። ተረቱ ለስግብግብ ሰው ጥሩ ምክር ነው፤ ለፈሪ ሰው ግን መደበቂያ ይሆናል። በብብቱ የያዘው እየሟሸሸ ሲያልቅ እያየ እንኳ እጁን አይዘረጋም።

ይህ ፍርሃት የገንዘብ ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ በሒሳብ በተፈወሰ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን የሚያስፈራን የገንዘቡ መጥፋት አይደለም፤ ከጠፋ በኋላ የሚስቀው ሰው ነው። ስለዚህ አዲስ ሥራ ከመጀመር ይልቅ ጎረቤታችን የጀመረውን እንከተላለን። አንዱ የልብስ ሱቅ ቢከፍት ዐሥሩ የልብስ ሱቅ ይከፍታሉ፤ አንዱ ሻይ ቤት ቢከፍት መንገዱ ሁሉ ሻይ ቤት ይሆናል። ከብዙዎች ጋር አብሮ የወደቀ ሰው አይሳቅበትምና። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የተባለው በእኛ ደረሰ።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው ተናግሮአል፤ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን መቍጠር እንደሚገባው አስተማረ። አስተውል፤ ቍጠር አለ እንጂ አትሥራ አላለም። ፈሪ ሰው ሳይቈጥር ይተዋል፤ ደፋር ሰው ሳይቈጥር ይጀምራል፤ ብልህ ሰው ግን ቈጥሮ ይጀምራል።

እንዴት እንደሚቈጠር በአጭሩ ላሳይህ። 10,000 ብር አለህ እንበል፤ ድንች በጅምላ ከመሸጥ ይልቅ ለይተህና አጥበህ፥ በትንንሽ ከረጢት አድርገህ ወደ ደብረ ታቦር ለመላክ አሰብህ። ሁሉን በአንድ ቀን አታውጣ። 1,000 ብሩን ለሙከራ ለይ። ይህ ገንዘብ ሁሉ ቢጠፋ ቤቴ ይፈርሳልን? ብለህ ጠይቅ፤ 9,000 ብር ስለ ቀረልህ አይፈርስም። ከዚያም ሦስት ጊዜ ሞክርና የትራንስፖርቱንና የከረጢቱን ዋጋ፥ የተበላሸውን ድንች፥ የገዢውንም ቃል ጻፍ። ቢያተርፍ እያሳደግህ ሂድ፤ ቢከስር በ1,000 ብር ትምህርት ገዛህ። እንዲህ ያለውን ኪሳራ ውድቀት ብለህ አትጥራው።

አንድ ጊዜ ተዘርፎ ሁሉን ላጣ ሰው ግን የምናገረው ሌላ ቃል አለኝ። ፍርሃትህ ቍስል ነው እንጂ ነውር አይደለም፤ ማንም አይገሥጽህ። ነህምያ የፈረሰውን የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሊሠራ በመጣ ጊዜ ወዲያው ድንጋይ አላነሣም። በሌሊት ወጥቶ ፍርስራሹን ዞሮ አየ፤ ከዚያ በኋላ ሰዎቹን ጠርቶ እያንዳንዱን በቤቱ አንጻር ያለውን ስፍራ አሠራው። አንተም የጠፋውን አልቅሰህ ቍጠር፤ የቀረውንም ቍጠር፤ የእጅህ ዕውቀት፥ የደንበኛህ መታመን፥ መልካም ስምህ አልተዘረፉምና። ከዚያም በደጃፍህ ካለችው ከትንሽዋ ክፍል ጀምር።

4ኛ፤ ጥንቃቄ መስሎ የሚመጣ ፍርሃት

አራተኛው ባልንጀራን አለማመን ነው። «ሽርክና አይረባም፤ ሰው አይታመንም» የሚል ነጋዴ ራሱን ጠንቃቃ አድርጎ ይቈጥራል። ነገር ግን ብቻውን የሚሠራ ሰው ሥራው ከሁለት እጁ አያልፍም፤ በታመመ ቀን ሱቁም አብሮ ይታመማል። ከዚህ ጋር ቅናት ይኖራል፤ የጎረቤት ማደግ የራሳችን መዋረድ ይመስለናልና፥ ገበያ ያለበትን ስፍራ እንኳ ለወንድማችን አንነግርም።

ከንፋስ መውጫ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወረታ ስትወርድ፥ በፎገራ ወረዳ አውራ አምባ የምትባል መንደር አለች። ዙምራ ኑሩና ጥቂት ባልንጀሮቻቸው በ1964 ዓ.ም. መሠረቷት። እነርሱ የእኛን ሃይማኖት አይከተሉም፤ እኛም በዚህ ነገር ከእነርሱ ጋር አንስማማም። ነገር ግን ጌታችን ስለ ባልንጀራ ፍቅር ሊያስተምር በወደደ ጊዜ ሳምራዊውን ምሳሌ አድርጎ አቅርቦአልና፥ እኛም ከእነርሱ ከመማር አንፈር። መሬታቸው ጥቂት ስለ ሆነ ወደ ሽመናና ወደ ንግድ ዞሩ። የወንድ ሥራ፥ የሴት ሥራ ብለው አይለዩም፤ ወንዱ ይፈትላል፥ ሴቲቱም ታርሳለች። ጎረቤቶቻቸው ጠሉአቸው፤ በደርግ ዘመን ከስፍራቸው ተሰድደው ወደ ደቡብ ሄዱ። ተመልሰውም እንደ ገና በኅብረት ጀመሩ። ሰው ምን ይለናል ቢሉ ኖሮ ከመጀመሪያው ቀን አያልፉም ነበር።

ደግሞም ዕቁባችንን ተመልከት። አያቶቻችን ባንክ ሳይኖራቸው እርስ በርስ በመተማመን ብቻ መነሻ ገንዘብ ሲሰበስቡበት ኖረዋል። የአማራ ብድርና ቍጠባ ተቋም፥ እርሱም ኋላ ፀደይ ባንክ የሆነው፥ የሚያሲዙት ንብረት የሌላቸውን ሰዎች በቡድን እየሆኑ እርስ በርሳቸው እንዲዋዋሱ እያደረገ አበድሮአል። ድኻ ለድኻ ዋስ ሆነ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን በእጃችን ያየነው በዚህ ነው።

መታመን ግን ዐይንን ጨፍኖ አይደለም። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልተሸከመም፤ ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎች ወንድሞች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ፤ ይህን በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በ8ኛው ምዕራፍ ታገኛለህ። እንግዲህ ሽርክና ስትገባ ማን ምን እንዳወጣ፥ ትርፉ እንዴት እንደሚከፈል፥ መለያየት ቢመጣ ምን እንደሚደረግ በምስክር ፊት ጻፉ። በሳምንት አንድ ቀን ሒሳቡን አብራችሁ ቍጠሩ። ወረቀት የወዳጅነት ጠላት አይደለም፤ ሐሜት የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍን ጭቃ ነው።

ስለ ማደግ የሚገባ ማስጠንቀቂያ

ወዳጄ ሆይ፥ ይህን ሁሉ ስነግርህ ሀብትን አምላክ አድርግ ማለቴ አይደለም። በሉቃስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ ያሰበው ባለጠጋ በዚያች ሌሊት ነፍሱን ተጠየቀ። እርሱ ስለ ጎተራው ብዙ አሰበ፤ በንግግሩ ውስጥ ግን ጎረቤት አልነበረም። ሐዋርያው በኤፌሶን መልእክት በ4ኛው ምዕራፍ ሰው በእጁ መልካምን እየሠራ እንዲደክም ያዘዘው፥ ለጐደለው የሚያካፍለው እንዲኖረው ነው። ሥራህ ባደገ ጊዜ ሥራ ላጣ አንድ ወጣት ስፍራ ይገኛል፤ የመበለቲቱ ድንች ገዢ ያገኛል። መክሊት የተሰጠህ ለዚህ ነው። ስለዚህ መቅበር ትሕትና አይደለም፤ ለሌሎች የታሰበውን እንጀራ ከምድር በታች መሰወር ነው።

ራስህን የምትመረምርባቸው ጥያቄዎች

ዛሬ ማታ ብቻህን ተቀምጠህ፥ በእግዚአብሔር ፊት እንደ ቆምህ ሆነህ ለእነዚህ መልስ ስጥ፤ ብትችልም ጻፋቸው።

1. ማንም ባያየኝ ኖሮ በደስታ የምሠራው፥ ሰው ስለሚያየኝ ግን የተውሁት ሥራ ምንድር ነው?
2. ባለፈው ዓመት ከሰጠሁት ዱቤና ካወጣሁት ድግስ ስንቱ ከፍቅር፥ ስንቱ ከሐሜት ፍርሃት ነበረ?
3. ቢጠፋ ቤቴን የማያፈርስ፥ ለሙከራ የምለየው ገንዘብ ስንት ነው? በእርሱስ ምን እሞክራለሁ?
4. ሒሳቤን ሊያይ የምፈቅድለት፥ ጥፋቴንም ሊነግረኝ የሚችል አንድ ታማኝ ሰው ማን ነው?

የሦስተኛው አገልጋይ ጥፋት ከስሮ መምጣቱ አልነበረም፤ ነግዶ የከሰረ አገልጋይ በዚያ ምሳሌ ውስጥ የለም። የተፈረደበት ከቶ ባለመጀመሩ ነው። ጌታው በመጣ ጊዜ በመንገድ ያለፉትና ያሙት፥ የሳቁትም ሰዎች አልተጠየቁም፤ የተጠየቀው እርሱ ብቻ ነበረ። አንተንም አንድ ቀን የሚጠይቅህ እርሱ ነው እንጂ ጎረቤትህ አይደለም። ጌታህ ገና አልመጣምና ጊዜ አለህ፤ የቀበርህበትንም ስፍራ አንተ ታውቀዋለህ።

የእጃችንን ሥራ የሚያቀና እግዚአብሔር ከፍርሃት ነጻ ያውጣህ፤ ሥራህንም ለብዙዎች በረከት ያድርገው። አሜን።